ሳሩ ከየት መጣ?

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል]

  

ቡሄ ከዋለ ክረምት የለም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ግን አምቦን የሚያውቃት አይመስለኝም። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ጃንጥላዬ ተገልብጦ፣ ጫማዬ ጭቃ ጠግቦ ነው የደረስኩት።

የዛሬው ርዕሳችን ስለ ጥንቸል ነው። አዎ፣ በኦሮምኛ ሂሌንሳ የምንላት ያቺ ጆሮዋ ረጅም። የዱሯን ሳይሆን ልጆቻችን በየግቢው በሳጥን፣ በሽቦ ቤት የሚያሳድጓትን ማለቴ ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ለአረምና ለተባይ የሚረጨው ኬሚካል ጥንቸላችን ዘንድ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

[አጭር ፋታ]

አንዳንዶቻችሁ፣ «ጥንቸል ደግሞ ምን ያደርጋል? አይበላ!» ስትሉ ይሰማኛል። እውነት ነው፣ በአብዛኛው ቤታችን አይበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ «ሰኮናው ያልተሰነጠቀ» ተብለው ከተከለከሉት ጋር ስሟ ተጠቅሷል። እኛ ቤት ጥንቸል የልጆች ጓደኛ ናት። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በሬ ሲታመም ሰፈሩ ሁሉ ይጨነቃል፣ ሐኪም ይጠራል። ጥንቸል ስትሞት ግን «ብርድ መታት» ተብሎ ይታለፋል። ብርድ ይሁን ሌላ ነገር የሚጠይቅ የለም።

ዛሬ እንጠይቅ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ፣ ደጋግሜም እላታለሁ፦ ሳሩ ከየት መጣ?

[አጭር ሙዚቃ]

አንድ ነገር እናስብ። ከገጠር አጎት መጣ እንበል። ለልጆቹ ብሎ ሳር አጭዶ፣ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ፣ በትከሻው ተሸክሞ። «ለጥንቸላችሁ ነው» ይላል። ልጆቹ ይቦርቃሉ። ሳሩ ለምለም ነው፣ ጠል ይዟል፣ ይሸታል። ጥንቸሏም ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች።

አሁን ቆም እንበል። ማዳበሪያ አልኩ አይደል? እኛ ዘንድ ከረጢቱ ራሱ ስሙ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያው፣ ኤንፒኤሱ ማሳ ላይ አልቆ ከረጢቱ እህል ይያዝበታል፣ ከሰል ይያዝበታል፣ ሳር ይጠቀጠቅበታል። ስፌቱ ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ቀርተው ይሆናል። ይህ አንድ።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። አጎት ሳሩን ያጨደው ከየት ነው? ምናልባት ከስንዴ ማሳው ዳር፣ ከወሰኑ ላይ። በነሐሴ ሌላ ሳር የት ይገኛል? መሬቱ ሁሉ ታርሷል። ልቅ ሳር ያለው በማሳ ዳር ነው። ባለፈው ሳምንት ስንዴው ላይ ቱፎርዲ ተረጭቶ ከሆነስ?

ቱፎርዲን የማያውቅ ገበሬ በዞናችን ያለ አይመስለኝም። ስንዴና ጤፍ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚያጠፋው ፀረ-አረም ነው። አሠራሩ ብልሃት አለው። የተክሉን የዕድገት ቅመም አስመስሎ ይገባና አረሙን ያለ ልክ ያሳድገዋል። አረሙ ይጠማዘዛል፣ ግንዱ ይጣመማል፣ ራሱን መሸከም አቅቶት ይሞታል። ስንዴና ጤፍ ግን የሳር ዘር ናቸውና ችለውት ያልፋሉ።

አድማጮቼ፣ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ስንዴና ጤፍ የሳር ዘር ስለሆኑ ካለፉ፣ በማሳው ዳር ያለው ሰርዶስ? ሙጃውስ? እነሱም ሳር ናቸው፣ እነሱም ያልፋሉ! ኬሚካሉ ላያቸው ላይ አርፎ፣ ምንም ሳይመስላቸው፣ ለምለም ሆነው ይቆማሉ። ቢጠወልጉ ኖሮ አጎትም አያጭዳቸውም ነበር።

ስለዚህ ለምለም ነው ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ልድገመው፦ ለምለም ነው ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ሰፊ የሣር መስክ በየቤቱ ደጃፍ በሚንከባከቡበት በአሜሪካ ሰዎች ለግቢያቸው ከሚገዙት ፀረ-አረም ውስጥ ይኸው የኛው ቱፎርዲ በብዛት አለበት። ምክንያቱ ያው ነው፣ ሣሩን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል። እዚያ ያለች ጥንቸል ከግቢዋ ሣር ላይ ታገኘዋለች፣ የኛዋ ደግሞ በማዳበሪያ ተጭኖ ይመጣላታል።

[ፋታ]

ታዲያ አደጋውን በምን እናውቃለን? አንድ ምልክት ልስጣችሁ፣ ልጆችም መያዝ ይችላሉ። የመጣውን ሳር መሬት ላይ ዘርግፉት። በመካከሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ፈልጉ። ማጌጥ አለ? ጎርጤብ አለ? ቅጠላቸው የተጠማዘዘ፣ ግንዳቸው እንደ ቀለበት የተጣመመ ከሆነ፣ ያ ሳር በሙሉ ይጣል። ለላሚቱም አይሰጥ። የተጣመመውን ለቅሞ ሌላውን መስጠት ዋጋ የለውም፣ ሁሉም አብሮ ተረጭቷልና።

ምልክቱ ከሌለስ? ምልክት አለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። ትናንት የተረጨ ዛሬ አይጠማዘዝም። እንደ ራውንድ አፕ ያሉት፣ ግላይፎሴት የሚባለው ያለባቸው፣ ሳሩንም ጭምር ይገድላሉ፤ ሳሩ ወደ ቢጫነት እስኪለወጥ ግን ቀናት ያልፋሉ። በእነዚያ ቀናት ሳሩ አረንጓዴ ነው፣ ይታጨዳል፣ ይሸጣል።

አንድ አስቸጋሪ ነገርም አለ። የተረጨ አረም ሲጠወልግ ውስጡ ያለው ስኳር ሊጨምር ይችላል። እንስሳ በደህናው ጊዜ አሽትቶ የሚተወውን መራራና መርዛማ ቅጠል ያን ጊዜ ጣፍጦት ይበላዋል። «እንስሳ እኮ የሚጎዳውን ያውቃል» የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ አይሠራም።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ጥንቸሏ ራሷ እንመለስ። ለምን እሷ? በግ፣ ላም፣ ዶሮ እያለ?

መጀመሪያ መጠኗ። አንድ የቤት ጥንቸል ሁለት፣ ሦስት ኪሎ ብትመዝን ነው። በሬው ቀምሶ የማይሰማው ነገር ለእሷ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ አፍንጫዋ መሬት ላይ ነው። እኛ ቆመን የማይሸተን እሷ ስትተነፍሰው ትውላለች።

ሦስተኛውን ልጆች ይወዱታል። ጥንቸል ፊቷን ስትታጠብ አይታችኋል? በሁለት እግሯ ቁጭ ብላ፣ የፊት እግሯን ልሳ ልሳ ፊቷን ታብሳለች፣ ጆሮዋን ጎትታ ትልሳለች። እንዴት ያምራል! ነገር ግን በተረጨ ሳር ላይ የሮጠ እግር የያዘው ሁሉ ወደ አፏ ይገባል። ሳሩን ባትበላው እንኳ ትልሰዋለች።

ደግሞ ጥንቸል ለስላሳውን በጠጧን መልሳ ትበላለች። አትሳቁ! ደረቁን ጠጠር መሳይ በጠጥ አይደለም፣ በአብዛኛው ሌሊት ወይም ንጋት ላይ የምታወጣው ለስላሳ አለ፤ ቫይታሚንና ፕሮቲን የምታገኝበት ነው። ላም እንደምታመሰኳው የእሷም ብልሃት ይሄ ነው። እናም አንዴ ያለፈው እንደገና ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዙልኝ፦ ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። ውሻ መጥፎ ነገር ሲበላ ያስመልሰዋል። ድመትም እንዲሁ። ጥንቸል አትችልም፣ የገባ ገባ ነው።

ማስመለስ የማይችል ሌላ እንስሳ ታውቃላችሁ?

[ፋታ]

አይጥ! በየሱቁ የሚሸጠው ያ ጥቁር ግራጫ የአይጥ መርዝ፣ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው፣ ጨጓራ ውስጥ አሲድ ሲያገኘው ወደ መርዛማ ጋዝ ይለወጣል። ሌላው እንስሳ ብዙ ጊዜ ያስመልሰውና የመትረፍ ዕድል ያገኛል። አይጥ ማስመለስ ስለማትችል ትሞታለች። ጥንቸልም ከአይጥ ወገን ናት በዚህ ነገር። ጎተራ ሥር በእህል ተለውሶ የተቀመጠ የአይጥ መርዝ ባለበት ግቢ ጥንቸል አትለቀቅም።

[አጭር ሙዚቃ]

እስካሁን የተናገርኩት ከውጭ ስለሚመጣው ነው። ከውስጥስ? በራሳችን ግቢ ማን ይረጫል?

ገበሬው ስንዴው ላይ ቢረጭ አልፈርድበትም። የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተወዷል፣ አረሙ አይጠብቅም። ደቦ መጥራትም እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን አራት በአራት የማትሞላ የግቢ ሣር ላይ፣ የቡና ምንጣፍ በምታክል ቦታ፣ ኬሚካል ገዝቶ መርጨት? ይቅርታ አድርጉልኝና ስንፍና ነው። መኮትኮቻ ይዞ ግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። በድንጋይ ንጣፍ መሃል ለሚበቅለው ደግሞ የፈላ ውሃ ይበቃዋል።

እኔም አንዴ ተሳስቻለሁ፣ ልናገር። ከዓመታት በፊት ከገበያ አንድ ፀረ-አረም ገዛሁ። በምን? በሃይላንድ! በባዶ የውሃ ፕላስቲክ። ስም የለው፣ መለያ የለው። «ለምንድን ነው?» ስል ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል ጋሼ» አለኝ። ለሁሉም! ቤት ወስጄ ከአልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ካየችው በኋላ የተናገረችኝን ሬዲዮ ላይ ማለት አይቻልም። ሁለት ትናንሽ ልጆች በነበሩበት ቤት ነው እንግዲህ።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 674፣ ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሃይላንድ ውስጥ ያለው ነገር የተመዘገበ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል? ስለዚህ በራሱ ዕቃ፣ በራሱ መለያ ካልሆነ አትግዙ።

መለያውን ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ቀለሙን ይመልከት። ከመለያው ግርጌ የቀለም መስመር አለ። ቀይ ከሆነ እጅግ መርዛማ ነው። ቢጫ ቀጥሎ ይመጣል። ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። አረንጓዴ ማለት ግን «ይበላል» ማለት አይደለም! ከሌሎቹ ይቀላል ለማለት ነው።

[ፋታ]

አንድ ሌላ በር አለ፣ ማንም የማያስበው። ቤተሰብ ውስጥ የሚረጭ ሰው ካለ፣ ማታ መርጫውን የት ያጥበዋል? ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው ሥር! እጣቢው የት ይደፋል? ሳሩ ላይ። ውሃ ስለሚያገኝ የግቢው ለምለም ሳር ያለው ደግሞ እዚያው ቧንቧው ሥር ነው። ጥንቸሏስ ስትለቀቅ ወዴት ትሮጣለች?

ገባችሁ አይደል? የመርጫ እጣቢ ወደ ማሳው ይመለስ፣ እዚያው የተረጨው ላይ ይፍሰስ። ወደ ሁሉቃም ወደ ጉደር ወንዝም አይደፋ፤ ከታች አትክልት የሚያጠጣ፣ ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ። ሲረጭ የዋለው ቦቲም ከደጅ ይቅር።

ጎረቤት ሲረጭስ? ከጎረቤት ጋር መጣላት አያስፈልግም። «ነገ ልትረጭ ነው እንዴ? እባክህ ንገረኝ፣ ጥንቸሎቹን ላስገባ» ማለት ይበቃል። ቤት አስገቧቸው፣ የተከመረውን ድርቆሽ ሸፍኑ፣ የውሃ ዕቃቸውን አንሱ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ዘነበ ብላችሁ ወዲያው አትልቀቁ። ሰዎች «ደርቋል» ይላሉ። ደረቀ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። እኔ በግሌ የምከተለው ይህ ነው፦ ኬሚካል የደረሰበት ሳር አድጎ አንዴ ይታጨድና ይጣል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና የበቀለው ለጥንቸል ይሰጥ። መለያው ላይ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ከተጻፈ መለያው ይበልጣል።

[አጭር ሙዚቃ]

የገበያውን ቅጠልም እናንሳ። ቅዳሜ ከጉሊት የሚለቀመው የጥቅል ጎመን የላይኛው ቅጠል፣ ሻጮች ልጠው የሚጥሉት፣ ለጥንቸል ተብሎ ይመጣል። ያ የላይኛው ቅጠል ግን ተባይ ማጥፊያው በቀጥታ ያረፈበት ነው፤ እኛ ለራሳችን ልጠን የምንጥለውን ነው ለእሷ የምንሰጣት። ድንችም ቢሆን ጄልዱ ላይ ለዋግ በተደጋጋሚ ይረጫል። የድንች ቅጠል ደግሞ ሳይረጭም በራሱ መርዛማ ነው፣ ለጥንቸል በፍጹም አይሰጥ።

ለቁንጫና ለቅማል ተብሎም ዱቄትና ፈሳሽ ጥንቸል ላይ የሚያፈሱ አሉ። ለውሻ የሚሸጠው ፊፕሮኒል ያለበት መድኃኒት ጥንቸልን ይገድላል። ለከብት መዥገር የምንጠቀምበት ዲያዚኖንም ለእሷ አይሆንም። እከክ ከያዛት ወደ እንስሳት ሐኪም።

[ፋታ]

አሁን ደግሞ ክፉ አያሰማን እንጂ፣ ጥንቸሏ ብትመረዝ ምን እናያለን? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ዝምታ ነው። አትበላም። ጥግ ይዛ ትኮማተራለች። ሳጥኑ ሥር በጠጥ አይታይም። ጥንቸል ቀኑን ሙሉ የምትበላ ፍጥረት ናት፤ ግማሽ ቀን ካልበላች ጉዳዩ የሐኪም ነው፣ መርዝ ይሁን አይሁን። ለሃጭ ከተዝረከረከ፣ ዓይኗ ካነባ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ አንድ ሰዓትም አትቆዩ።

ምን እናድርግ? ከቦታው አንሷት። ፀጉሯ ላይ ኬሚካል ካለ ፕላስቲክ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና እጠቧት፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ሙቀት ስጧት። የኬሚካሉን ዕቃ፣ ከበላችው ሳርም ትንሽ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ።

ወተት አትስጡ። አውቃለሁ፣ ወተት ማርከሻ ነው ብለን አድገናል። ዘይትም እንሰጣለን። ብዙዎቹ ተባይ ማጥፊያዎች ግን በስብ የሚሟሙ ናቸው፣ ወተቱና ዘይቱ ወደ ሰውነት እንዲገቡ ሊያግዟቸው ይችላሉ። በግድ የተጋተ ነገር ደግሞ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። አፏን ፈልቅቃችሁ ምንም አታፍስሱ።

ለሐኪሙም ሆነ በክሊኒኩ ላለው ባለሙያ አንድ የሚገርም ነገር ልንገር። እንደ ማላታይንና ዲያዚኖን ባሉት ተባይ ማጥፊያዎች መመረዝ የሚሰጠው ማርከሻ አትሮፒን ነው። ብዙ ጥንቸሎች ግን ደማቸው ውስጥ አትሮፒንን ቶሎ የሚሰባብር ነገር አላቸው። ስለዚህ ለሌላ እንስሳ የሚበቃው ለጥንቸል ቶሎ ያልቅባታል፣ መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል። በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው አስተናግር፣ አጤ ፋሪስ የምንለው፣ ውስጡ ያለው ይኸው አትሮፒን ነው። ሰውን የሚያሳብደውን ቅጠል አንዳንድ ጥንቸል በልታው ስትቆም የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። አስተናግርን የቻለ ሆድ ግን ማላታይንን አይችልም፤ እንዲያውም ማርከሻውን ይበላባታል።

አምቦ ውስጥ ጠያቂ ሰው የሚያማክረው አያጣም። ዩኒቨርሲቲው በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረ ነው፣ ዛሬ የእንስሳት ሕክምናም ያስተምራል። የዕፅዋት ጥበቃ ምርምሩም እዚሁ ከተማችን ነው ያለው። የአረሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ከጎናችን አሉ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ በስሱ ይጀምራል]

እንግዲህ ልጆች፣ የዚህ ሳምንት ሥራ ለእናንተ ነው። አጎት ሲመጣ መጀመሪያ እጅ ነሥታችሁ፣ ማዳበሪያውን ተቀብላችሁ፣ ውሃ ሰጥታችሁ፣ ከዚያ በትሕትና «ጋሼ፣ ሳሩን ከየት አጨዱት?» በሉ። «ከማሳው ዳር» ካሉ «መቼ ነው የተረጨው?» ብላችሁ አክሉ። መልሳቸውን ጻፉልን፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናነበዋለን።

በዚያው ዝግጅት የጥንቸሏ እግር በክረምት እርጥበት ለምን እንደሚቆስል፣ ሳጥኗንም ከመሬት በስንት ከፍ ማድረግ እንደሚገባን እናወራለን። እኔም ጫማዬን እስከዚያው አደርቃለሁ። ደህና ሰንብቱ፣ ነጋቲ!

[ሙዚቃ ከፍ ይላል]